ምስጢራዊ ማስረጃ እና የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሥልጣን ወሰን፦ የሮው እና ዴቪስ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1988፣ ከለንደን በስተደቡብ በሚገኘው የሰሪ አካባቢ፣ ፊታቸውን የሸፈኑና የጦር መሣሪያ የያዙ ሰዎች በአንድ ሌሊት ተከታታይ የውንብድና ወንጀሎችን ፈጸሙ። አስቀድመው በመኪና ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎችን ያጠቁ ሲሆን፣ ከተጠቂዎቹ አንዱ ሕይወቱ አለፈ። ሌሊቱ ሳይነጋ ሁለት መኖሪያ ቤቶችን የዘረፉ ሲሆን፣ በአንደኛው ቤት አንድ ሰው በስለት ክፉኛ ቆሰለ። በፌብሩዋሪ 1990 ሮው፣ ዴቪስ እና ጆንሰን የተባሉ ሦስት ተከሳሾች በነፍስ ግድያና በውንብድና ጥፋተኞች ተብለው ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ይህ ፍርድ የተሻረው ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው። ለመሻሩ መነሻ የሆነው ጥያቄ፣ ከተከሳሽ የተደበቀ ማስረጃን ማን ሊመዝነው ይገባል የሚለው ነበር።

በመጀመሪያው ክርክር ወቅት ዐቃቤ ሕግ የተወሰኑ ማስረጃዎች ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በምስጢር መጠበቅ አለባቸው ብሎ በራሱ ወሰነ፤ ውሳኔውንም ለችሎቱ ዳኛ አላሳወቀም። በዚህ ምክንያት ማስረጃው ለተከላካይ ጠበቆች ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለውን የመረመረ ገለልተኛ አካል አልነበረም። የመጀመሪያው ይግባኝ ሲሰማ ግን ዐቃቤ ሕግ ሰነዶቹን ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ብቻ አቀረበ። ፍርድ ቤቱ ተከላካዮች በሌሉበት ሰነዶቹን ተመልክቶ እንዳይገለጹ ወሰነ፤ በጁላይ 1993ም ይግባኙን ውድቅ አደረገ።

የተደበቀው ነገር ምንነት የታወቀው በ1995ቱ የወንጀል ይግባኝ ሕግ የተቋቋመው የወንጀል ጉዳዮች አጣሪ ኮሚሽን ምርመራ ባካሄደ ጊዜ ነው። ከዐቃቤ ሕግ ዋና ምስክሮች አንዱ ለረጅም ጊዜ የፖሊስ ጠቋሚ እንደነበር፣ 10,300 ፓውንድ ሽልማት እንደተቀበለና በድርጊቱ ለነበረው ተሳትፎ እንዳይከሰስ ዋስትና እንዳገኘ ተረጋገጠ። ጉዳዩን የሰሙት የሕዝብ ዳኞች ይህን ሁሉ ሳያውቁ ነበር የምስክሩን ቃል የመዘኑት። ተከላካይ ጠበቆችም ምስክሩ ከቃሉ ስላገኘው ጥቅም መስቀለኛ ጥያቄ የማቅረብ ዕድል አላገኙም።

የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2000 በሰጠው ፍርድ፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 6 ያረጋገጠው ፍትሐዊ ዳኝነት የማግኘት መብት ተጥሷል አለ። ፍርድ ቤቱ ተከሳሽ ማስረጃን የማየት መብቱ ገደብ የለሽ ነው አላለም፤ የአገር ደኅንነት ወይም የምስክሮች ጥበቃ ገደብ ሊያስከትል እንደሚችል ተቀብሏል። ጉድለት ሆኖ ያገኘው የችሎቱ ዳኛ ማስረጃውን አለማየቱን ነው። የችሎት ዳኛ ምስክሮች ሲናገሩ ይሰማል፤ ክርክሩ እየገፋ ሲሄድም የተደበቀው ማስረጃ ለመከላከያው ያለውን ጥቅም ደጋግሞ ለመመዘን ይችላል። የይግባኝ ዳኞች ግን የሚመሠረቱት በጽሑፍ በሰፈረው ቃልና ዐቃቤ ሕግ ስለ ጉዳዩ በሚሰጠው ማብራሪያ ላይ ነው። የጥፋተኝነት ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ የሚመረምሩ በመሆናቸውም፣ ሳያስተውሉት በውሳኔው ሊሳቡ ይችላሉ።

ይኸው ፍርድ ቤት በዚያው ዕለት በፊት ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ልዩነቱን ያጎላዋል። ፊት ውንብድና ለመፈጸም በማሴር የተፈረደበት ሰው ነበር። በዚህ ጉዳይም ማስረጃው ከተከሳሹ ተደብቋል፤ ሆኖም የችሎቱ ዳኛ ራሱ ተመልክቶት ስለነበር የመብት ጥሰት አልተገኘም። ውሳኔው ግን በ9 ለ8 የድምፅ ብልጫ የተላለፈ ነው። ይህም የዳኛው መመልከት ብቻውን በቂ ዋስትና ስለመሆኑ ዳኞቹ ራሳቸው ምን ያህል ተከፋፍለው እንደነበር ያሳያል።

የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ዳግመኛ ተመልክቶ በጁላይ 2000 ፍርዱን ሻረ። ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማየቱም ልብ ሊባል ይገባል፦ ክርክሩ ፍትሐዊ ነበር ወይ? የጥፋተኝነት ፍርዱስ አስተማማኝ ነው ወይ? በስትራስቡርግ የተረጋገጠ የመብት ጥሰት ሁልጊዜ ፍርድን በቀጥታ እንደማይሽር፣ ጥሰቱ ያስከተለው ውጤት መመዘን እንዳለበት አስረድቷል። ውሳኔው የይግባኝ ባዮቹን ንጽሕና የሚያውጅ አለመሆኑንም በግልጽ ተናግሯል።

ይህ አነጋገር ለይግባኝ ባዮቹ መራራ ቢሆንም የይግባኝን ምንነት ያስረዳል። ይግባኝ ሰሚው የሚጠየቀው ተከሳሹ ወንጀሉን ፈጽሞ እንደሆነ ራሱ አዲስ ድምዳሜ እንዲሰጥ ሳይሆን፣ የተሰጠው ፍርድ ጸንቶ ሊቆም ይችል እንደሆነ እንዲመረምር ነው። የሮው እና ዴቪስ ጉዳይ የሚያስገነዝበውም ይህንኑ ነው፦ በችሎት ሊመዘን ሲገባው የተደበቀ ማስረጃ፣ ምስክሮቹን ባልሰማ የበላይ ፍርድ ቤት በዝግ መታየቱ ብቻ የመጀመሪያውን ክርክር ጉድለት አያክምም።