የከሰሉ ትርፍ ገበያ ሳይደርስ ይቃጠላል

ከሰል ነጋዴ ትርፉን ሲያሰላ ቀድሞ የሚያየው የማዳበሪያውን ዋጋና የጭነት ኪራዩን ነው። ከሁለቱ በፊት ግን ሒሳቡን የሚወስነው እንጨቱ የከሰለበት ክምር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንጨት አየር ተከልክሎ ሲሞቅ ከመንደድ ይልቅ ይፈርሳል። መጀመሪያ ውኃው ይተናል። ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ በኋላ ጋዝ፣ ኮምጣጣ እንፋሎትና እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣል። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሲደርስ አብዛኛው ካርቦን የሆነው ከሰል ይቀራል። ሳይንሱ ይህን ፓይሮሊሲስ ይለዋል። አንድ ኪሎ ጥሩ ከሰል ወደ 30 ሜጋጁል የሚጠጋ ሙቀት ሲሰጥ፣ በአየር የደረቀ እንጨት የሚሰጠው ግማሹን ያህል ነው። ከሰልን ከሩቅ መጫን የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአዊ ዞን፣ በተለይም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር በማሳው ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉን ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ቆርጦ ያከስላል። ምርቱ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይጫናል። ማክሰያው ግን በአብዛኛው በሣርና በአፈር የተሸፈነው የቆየው ክምር ነው።

ኪሳራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በባህላዊው ክምር ከ10 ኩንታል በአየር የደረቀ እንጨት 1.5 ኩንታል ያህል ከሰል ይገኛል። ጭስ ማውጫ ባለው፣ በአግባቡ በተያዘ የተሻሻለ ማክሰያ ግን እስከ 2.5 ኩንታል ማግኘት ይቻላል። ኩንታል ስንል 100 ኪሎ እንጂ አንድ ማዳበሪያ ማለታችን አይደለም። ከዚያው መሬትና ከዚያው ዛፍ የአንድ ኩንታል ልዩነት አለ ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ስለሆነ፣ ውኃውን ለማትነን ብቻ ከእንጨቱ ብዙው ይነዳል። ሁለተኛ፣ አፈሩ ሲሰነጠቅ አየር ገብቶ የከሰለውን አመድ ያደርገዋል። ሦስተኛ፣ ክምሩ ያለጊዜው ይከፈታል። ወፍራም ነጭ ጭስ ውኃው ገና እየወጣ መሆኑን ያሳያል፤ ጭሱ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ አየሩን ሁሉ ዘግቶ ማቀዝቀዝ ይገባል።

ለገዢው ምልክቱ ግልጽ ነው። በደንብ የከሰለ ከሰል ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲያያዝም ብዙ አይጨስም። ቡናማ ጉማጅ የበዛበት በቅጡ ያልከሰለ ነው። ከማዳበሪያው ሥር ያለውን ድቃቂም ማየት ያስፈልጋል። የረጠበ ከሰል በሚዛን ሲገዛ ደግሞ ገንዘብ የሚከፈለው ለውኃ ነው።

ድቃቂውም ቢሆን ገንዘብ ነው። ከከሰለ የቡና ገፈት ጋር ተደባልቆ፣ በሞላሰስ ወይም በሸክላ አፈር ተለውሶ ሲጨመቅ ብሪኬት ይሆናል። ሸክላው ሲበዛ ግን አመዱ ይበዛል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል።

በዘርፉ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት ሌላም ስጋት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2020ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የዝገት በሽታ በአዊ የሚገኘውን ዲከረንስ አጥቅቷል። እንጨቱ ሲያንስ ደግሞ ከክምሩ ሥር የሚባክነው እያንዳንዱ ኪሎ ይበልጥ ይወደዳል። ስለዚህ ሌላ መኪና ከመግዛት በፊት እንጨት ማድረቂያ መጠለያና የተሻለ ማክሰያ መሥራት ቀዳሚ ወጪ ሊሆን ይገባል።