ከዕድሳት በኋላ በሱቅና በመጋዘን ስለሚነሣ ሻጋታ

የክረምት ዝናብ ከመግባቱ አስቀድሞ ሱቅንና መጋዘንን ማደስ በነጋዴው ዘንድ የቆየ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ደረቅ የነበረ ቤት፣ ብዙ ገንዘብ ከወጣበት በኋላ ግድግዳው ሲያልብና የተከመረው ከረጢት ሲሻግት የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህ ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ዝናቡ ስለ በዛ ሳይሆን፣ አዲሱ ሥራ የውሃውን መግቢያ ትቶ መውጫውን ስለሚዘጋ ነው።

የኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ረግረጋማው የጨፋ ሜዳም በአጠገቧ ነው። በክረምት ሙቀትና እርጥበት በአንድነት ስለሚገናኙ ለሻጋታ ይመቻል። የአካባቢው ማሾና ማሽላ ገዢ እስኪያገኝ ድረስ፣ ከሌላ ስፍራ የመጣው ስኳርና ዱቄትም እስኪሸጥ ድረስ በመጋዘን ስለሚቆይ፣ የቤቱ ጤና የነጋዴው ጤና ነው ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ የጭቃውን ግድግዳ እንመልከት። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ይቀበላል፤ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ይሰጣል። በውስጥም በውጭም በሲሚንቶ ሲለሰን ግን፣ ልስኑ በጊዜ ብዛት በሚሰነጠቅበት ስፍራና ከመሬት በኩል ውሃ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሚወጣበት የለውም። ማገሩና ቋሚው በስውር ይበሰብሳል፤ ሻጋታውም ወደ ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ግድግዳ ጭድ የገባበት ጭቃ ወይም የኖራ ልስን ይሻላል።

ይህ ነገር በተራ ቤት ብቻ የሚደርስ አይደለም። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተደረገ ጥገና፣ ዓለቱ ሬንጅ ተቀብቶ በላዩ ቀይ ቀለም ተደርጎበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በኢጣሊያዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት በተካሄደው ሥራ ያ ሽፋን እንዲነሣ ተደረገ። ለመጠበቅ የተደረገ ሽፋን ሁሉ የሚጠብቅ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ወለሉ ነው። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት ራሱ ውሃ የያዘ ስለ ሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል በደንብ እስኪደርቅ 3 ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለመፈተን ላስቲክ በወለሉ ላይ ዘርግቶ ዳር ዳሩን አጣብቆ አንድ ቀን ማቆየት ይበቃል፤ በሥሩ ጠል ከታየ ከረጢት አይቀመጥበት። ከደረቀም በኋላ ከረጢቱ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይደርደር።

ሦስተኛው ጣራው ነው። የቆርቆሮው ምስማር ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ሳይሆን በከፍታው ላይ ይመታል። ኮርኒስ ሲሠራም በላዩ አየር የሚተላለፍበት ቀዳዳ ካልተተወ፣ ሌሊት በቆርቆሮው ሥር የሚቋጠረው ጠል በዕቃው ላይ ይንጠባጠባል። አሸንዳው የሚያፈሰው ውሃም ከመሠረቱ ርቆ እንዲሄድ ያስፈልጋል።

የሻገተ ዕቃ ጉዳቱ ክብደትና መልክ ማጣት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው በማለቃቸው፣ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ሊታወቅ ችሏል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፤ እህሉን በፀሐይ ማስጣት ወይም ማበጠር አያጠፋውም። የአውሮጳ ኅብረት ደንብ በአንድ ኪሎ ግራም በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም የሚበልጥ ጠቅላላ አፍላቶክሲን እንዲገኝ አይፈቅድም፤ ማይክሮ ግራም ማለት የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ጥቂት የሻገተ ከረጢት ከደኅናው ጋር ተደባልቆ ቢላክ ጭነቱን ሁሉ ሊያስመልስ ይችላል።

እንግዲህ ነጋዴዎቻችን ከግንበኛው ጋር ሲዋዋሉ ስለ ዋጋውና ስለ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን፣ ውሃው በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ ጠይቀው ቢያስጽፉ፣ የመጨረሻውንም ክፍያ የመጀመሪያው ዝናብ ቤቱን እስኪፈትነው ድረስ ቢያቆዩ ይጠቀማሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ለአሸንዳና ለርብራብ የሚወጣው ገንዘብ በአንድ ክረምት ከሚበላሸው ሸቀጥ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።