ኃይል ሳይቋረጥ የትራንስፎርመርን ኢንሱሌሽን መመርመር



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። በሥራ ላይ ያለ ትራንስፎርመር፣ ሳይጠፋና ሳይከፈት፣ የውስጥ ኢንሱሌሽኑ መጎዳቱን በምን እናውቃለን? የተለመደው የሜገር ልኬት መሣሪያውን ከመስመር ማውጣትን ይጠይቃል፤ ተተኪ መስመር በሌለበት ሆስፒታሉም ፋብሪካውም ያለ ኃይል ይቆያል። በተጨማሪም በሜገር ደህና የመሰለ ኢንሱሌሽን በሙሉ ቮልቴጅና በሥራ ሙቀት ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል።

የመጀመሪያው ምስክር ዘይቱ ነው። በትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለው ዘይትና ጥቅልሎቹን የሸፈነው ወረቀት ሲጎዱ ጋዝ ያመነጫሉ፤ ጋዙም በዘይቱ ውስጥ ይሟሟል። የጋዙ ዓይነት የጉዳቱን ዓይነት ይጠቁማል። ሃይድሮጂን ጎልቶ ሲታይ ፓርሻል ዲስቻርጅን፣ ማለትም ኢንሱሌሽኑን ሙሉ በሙሉ ያልበሳ ጥቃቅን ብልጭታን ያመለክታል። ኤቲሊን የዘይቱን ከመጠን በላይ መሞቅ፣ አሲቲሊን ደግሞ በአብዛኛው የኤሌክትሪክ አርክን ያሳያል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨምር ወረቀቱን እንጠረጥራለን። በካናዳ ሚሼል ዱቫል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ሦስት ማዕዘን የሚቴንን፣ የኤቲሊንንና የአሲቲሊንን ድርሻ በማነጻጸር ጉዳቱን ይመድባል።

ሆኖም አንድ ልኬት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። አሲቲሊን ከታፕ ቼንጀሩ ክፍል ሾልኮ ወደ ዋናው ዘይት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከመጠኑ ይልቅ የጭማሪው ፍጥነት ይበልጥ ይናገራል።

ሁለተኛው ምስክር ራሱ ብልጭታው ነው። የድምፅ ሞገዱን በታንኩ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ሴንሰር፣ የሬዲዮ ሞገዱን በአንቴና፣ የኤሌክትሪክ ምቱን በመሬት ማገናኛው ገመድ ላይ እንይዘዋለን። እዚህ ላይ ለአገራችን መሐንዲስ የተለየ ፈተና አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በሳሳ አየር ኮሮና በዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለሚጀምር የውጭው ብልጭታ የውስጡን ሊመስል ይችላል። የሚለያቸው ጊዜያቸው ነው፤ በአየር ውስጥ ያለ የሹል ብረት ኮሮና በቮልቴጁ ሞገድ ጫፍ አካባቢ ይሰበሰባል፤ በኢንሱሌሽን ውስጥ ባለ ክፍተት የሚፈጠረው ግን ቮልቴጁ ከዜሮ ተነሥቶ ሲያድግ ጎልቶ ይታያል።

ዘይት ይጣራል፣ ይቀየራልም፤ ያረጀ ወረቀት ግን ወደ ቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ልኬት መመዝገብ ያለበት ጥርጣሬ ሲፈጠር ሳይሆን ትራንስፎርመሩ ሥራ በጀመረበት ወቅት ነው። መነሻው ያልታወቀ ለውጥ አይለካምና።