ሰይጣን ነው ያጣመመው ወይስ ፀሐይ?

ፎቶውን መጀመሪያ ሲያይ «ይሄማ ኤዲት ነው» የማይል ሰው ጥቂት ነው። እንግሊዝ ውስጥ፣ በደርቢሻየር ግዛት በምትገኘው ቼስተርፊልድ ከተማ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ ጣሪያ እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዞ ሰማይ ላይ ቆሟል። ኤዲት አይደለም። ካሜራ ሳይፈጠር ጀምሮ እንደዚያው ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ የቅድስት ማርያምና የቅዱሳን ሁሉ ይባላል። የከተማዋ አጥቢያ ነው። ሕንፃው የመስቀል ቅርጽ አለው፤ መስቀሉ በሚገናኝበት መሀል ላይ የድንጋይ ማማ ተሠርቷል። ከማማው በላይ ያለው ሾጣጣ ግን ድንጋይ አይደለም፤ ውስጡ እንጨት ነው፣ ላዩ ደግሞ እርሳስ በሚባለው ከባድ ብረት ተሸፍኗል። የተሠራው በ1360ዎቹ ገደማ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከመሬት እስከ ጫፉ 70 ሜትር ያህል ይሆናል። 45 ዲግሪ ተጠማዟል፤ ጫፉም ከመሀል ወደ 3 ሜትር ገደማ ሸሽቷል።

ታዲያ ምን ነካው? በተረት ከሄድን ጥፋተኛው ሰይጣን ነው። ጅራቱን ጣሪያው ላይ ጠምጥሞ አረፍ ባለበት የዕጣን ጢስ አፍንጫው ገባና አስነጠሰው፤ ጣሪያውም አብሮት ዞረ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ነገሩን ከአንድ ቀጥቃጭ ይጀምራሉ። ለሰይጣን ኮቴ ብረት ሲመታለት ምስማሩ ሥጋው ውስጥ ገባ፤ እሱም በሕመም እየበረረ ሲያልፍ ጣሪያውን በእርግጫ አለው።

የባለሙያዎቹ መልስ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን አናጢዎች ኦክ የተባለውን ጠንካራ ዛፍ የሚጠርቡት በእርጥቡ ነበር፤ ከደረቀ መጥረቢያ አይበግረውም። ስለዚህ እርጥብ እንጨት መጠቀማቸው በራሱ ስህተት አልነበረም። እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ እንዳይጣመም ግን በሰያፍ የሚይዘው በቂ ድጋፍ ያስፈልገዋል። እዚህ የጎደለው እሱ ነው። በዚያ ላይ ከ30 ቶን በላይ እርሳስ ተጫነበት። ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው የደቡቡ ጎን ከሰሜኑ ይበልጥ ይሞቃል፤ እርሳሱ ቀን ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ጣሪያው ቀስ በቀስ ዞረ።

ድጋፉ ለምን ጎደለ? አንዳንዶች «ጥቁሩ ሞት» የተባለውን ወረርሽኝ ያነሳሉ። ወረርሽኙ እንግሊዝ የገባው በ1348 ነው፤ ጣሪያው ከመሠራቱ ጥቂት ዓመታት በፊት መሆኑ ነው። ካለቀው ሕዝብ መሀል ጥሩ ጥሩ አናጢዎችም ሳይኖሩ አይቀሩም። ግምት ነው፤ ግን እውነት ከሆነ፣ ያ ጠማማ ጣሪያ ሙያቸውን ለተማሪዎቻቸው ሳያወርሱ የሞቱ ሰዎች ምልክት ነው ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ አልወደቀም። የሚገርመው ደግሞ ሾጣጣው ከማማው ጋር አልታሰረም፤ የገዛ ክብደቱ ነው ተጭኖ የያዘው። በጣም የተፈራለት ጊዜ ታኅሣሥ 1961 ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እሳት ተነስቶ የሰሜኑን ክንፍና በውስጡ የነበረውን ትልቅ ኦርጋን በላ። ከዚያ በላይ የስድስት መቶ ዓመት ደረቅ እንጨት ነበር። እሳቱ እዚያ ሳይደርስ ጠፋ።

ዛሬ ማማውን ወጥቶ ያንን እንጨት ከውስጥ ማየት ይቻላል። ኳስ የምትከታተሉ ከሆነ ደግሞ የቼስተርፊልድ ክለብ ቅጽል ስም «ስፓይራይትስ» ነው፤ የሾጣጣው ልጆች እንደማለት። ጠማማው ጣሪያ አርማቸው ላይ አለ። እንግሊዝ ቀጥ ያለ የቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ ሞልቷታል። የቼስተርፊልድ ልጆች ግን ማሊያቸው ላይ ይዘው የሚወጡት ያንን ያልተሳካውን ነው።