ገንዘቡ መንገድ ላይ ሲቀር

ማዕቀብ ወዳለበት አገር በአየር ለሚጓዝ ቤተሰብ

በ2007 ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ ማለዳ፣ ከሱብሒ ሶላት መልስ፣ አንድ አባት ደጃችንን አንኳኩ። መኖሪያቸው ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ነው። ወቅቱ በከፋ ቡና የሚለቀምበትና በየግቢው የሚሰጣበት በመሆኑ፣ ከባድ ጉዳይ ካልገጠማቸው በቀር ቡናቸውን ጥለው እንደማይመጡ እናውቃለን። ልጃቸው በመድረሳ ከእኛ ዘንድ ቁርኣን የቀራ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ካርቱም ያቀና ወጣት ነው።

«ኡስታዝ፣» አሉን ገና ሳይቀመጡ፣ «ልጄ ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል አሉኝ። ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ተብሏል። መሄድ አለብኝ፤ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ይንገሩኝ።»

እኛ ሱዳንን በካርታ እንጂ በዓይናችን አይተናት አናውቅም። ይሁን እንጂ አስተማሪ የተባለ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ስለሚታሰብ «አናውቅም» ማለት አፈርን። ወረቀትና እስክሪብቶ አንስተንም እንደ አዋቂ መዘርዘር ጀመርን።

ፓስፖርቱን ለዑምራ ብለው ቀደም ሲል አውጥተውት ስለነበር በዚያ አልተቸገርንም። ቪዛው አዲስ አበባ ካለው የሱዳን ኤምባሲ ተገኘ። የቢጫ ወባ ክትባት ተከትበው ቢጫ ካርዱን ያዙ። ቲኬቱም ተቆረጠ። ለመንገድ የሚሆን ጥቂት ዶላር ከባንክ ከገዙ በኋላ «የቀረውን የቡና ገንዘብ ለቤት ይተዉት» አልናቸው። ለሕክምናው የሚያስፈልገውን አሜሪካ ያለው የእህታቸው ልጅ በቀጥታ ወደ ካርቱም ይልካል፤ እሳቸው ሲደርሱም ገንዘቡ ይጠብቃቸዋል ስንል አረጋገጥንላቸው።

እሳቸውም የጎጀብን ወንዝ ተሻግረው በጅማ በኩል አዲስ አበባ ገቡ። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን ካርቱም አሳረፋቸው። ገንዘቡ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቢጠበቅ አልደረሰም።

የእህታቸው ልጅ ገንዘቡን ያስገባበት ቤት መጀመሪያ «እየተጣራ ነው» አለው፤ ቀጥሎ «ተመላሽ ሆኗል» አለው። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ እዚያም የመድረሻውን አገር ስም ሲያዩ አንቀበልም አሉት። አባትየው በልጃቸው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ስልክ ይጠብቃሉ፤ እኛ ቦንጋ ሆነን የምንመልሰው ጠፍቶናል፤ ኦፕራሲዮኑ ደግሞ ያለ ክፍያ አይጀመርም። በመጨረሻ እዚያው የሚማሩ የኢትዮጵያ ልጆች ከየኪሳቸው አዋጥተው ከፈሉላቸውና ኦፕራሲዮኑ ተሠራ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ዳነ። ዕዳው የተመለሰው የእህታቸው ልጅ ገንዘቡን ወደ አዲስ አበባ ልኮ፣ ወደ ካርቱም የሚመለስ አንድ ተማሪ በጉዞ ሰነዱ ከባንክ ዶላር ገዝቶ በእጁ ካደረሰ በኋላ ነው።

ያላወቅነው ነገር

እንግዲህ ገንዘቡን መንገድ ላይ ያስቀረው ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብናል። ነገሩ ከአገራችንም ጋር ይያያዛል። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሁስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ በመጡ ዕለት የግድያ ሙከራ ተደረገባቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የፀጥታው ምክር ቤት ሱዳን ሦስት ተጠርጣሪዎችን ለኢትዮጵያ አሳልፋ እንድትሰጥ ጠየቀ። ይህ ባለመፈጸሙ በ1988 ዓ.ም. በሱዳን ላይ የዲፕሎማቲክ ማዕቀብ ጣለ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ደግሞ የሱዳን አውሮፕላኖችን በረራ የሚያግድ ሌላ ውሳኔ አሳለፈ። ይህኛው በሕዝቡ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ስላሳሰበ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የምክር ቤቱ ማዕቀብ በመስከረም 1994 ዓ.ም. ተነሣ።

የአሜሪካ መንግሥት በበኩሉ በጥቅምት 1990 ዓ.ም. በሱዳን ላይ የራሱን የንግድና የገንዘብ ማዕቀብ ጥሎ ነበር። ይኸኛው እስከ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ድረስ፣ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። ያኔ መንገደኛው ካርቱም ሲደርስ የቪዛም ሆነ የማስተር ካርዱ አይሠራለትም፤ በእጁ የያዘው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው መተማመኛው።

ለመሆኑ ለታመመ ልጅ የሚላክ ገንዘብ ተከልክሎ ነበርን? አልነበረም። የአሜሪካው ደንብ ለንግድ ያልሆነ፣ ቤተሰብ ለቤተሰቡ የሚልከው የመርጃ ገንዘብ እንዲያልፍ ይፈቅድ ነበር። ባንኮቹ ግን ፈሩ። የሚፈሩበትም ምክንያት ነበራቸው። እኚህ አባት ከመሄዳቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2006 ዓ.ም.፣ ቢ.ኤን.ፒ. ፓሪባ የተባለው ትልቅ የፈረንሳይ ባንክ ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ ገንዘብ በማስተላለፉ በአሜሪካ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ተፈርዶበታል። እንዲህ ያለውን ቅጣት ያየ ባንክ «ሱዳን» የሚል ቃል ሲያይ የተፈቀደውን ከተከለከለው ለመለየት አይደክምም፤ ሁለቱንም ይመልሳል። የታመመው የቦንጋ ልጅ ገንዘብ የቀረውም በዚህ ዓይነት ነው ብለን እናምናለን። ሕጉ በሩን ገርበብ አድርጎ ቢተወውም ፍርሃት ዘጋው።

ማዕቀብ ሁሉ አንድ አይደለም

ብዙዎቻችን «ማዕቀብ» ሲባል አውሮፕላን የማይደርስበት አገር ይመስለናል። አንዳንዴ እውነት ነው። በሊቢያ ላይ ከሚያዝያ 7 ቀን 1984 ዓ.ም. ጀምሮ የተጣለው የፀጥታው ምክር ቤት ማዕቀብ በረራን ጭምር የሚከለክል ነበር። እስከ መጋቢት 1991 ዓ.ም. ድረስ ወደ ትሪፖሊ የሚሄድ ሰው በቱኒዝያ ወይም በግብፅ ወርዶ በመኪና፣ አለዚያም ከማልታ በመርከብ መጓዝ ነበረበት። በ1987 ዓ.ም. ግን የሊቢያ ሑጃጆች በግብፅ አውሮፕላኖች ወደ ጂዳ እንዲበሩ በልዩ ሁኔታ ተፈቅዶላቸዋል።

ጎረቤታችን ኤርትራን ደግሞ እንመልከት። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. የተጣለባት ማዕቀብ በዋናነት የጦር መሣሪያንና የባለሥልጣናትን ጉዞ የሚመለከት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. አሥመራ ሲያርፍና የተለያዩ ቤተሰቦች በእንባ ሲተቃቀፉ ማዕቀቡ ገና አልተነሣም ነበር፤ የተነሣው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ይኸው በረራ እንደገና የተቋረጠው ደግሞ ማዕቀቡ ከተነሣ ከዓመታት በኋላ ነው፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አየር መንገዱ በአሥመራ ያለውን ገንዘቡን ማንቀሳቀስ እንዳልቻለ ገልጾ በረራውን አቆመ።

ከዚህ የምንማረው፣ ማዕቀብ እያለ አውሮፕላን ሊበር፣ ማዕቀብ ሳይኖርም በረራ ሊቆም እንደሚችል ነው። ስለዚህ «ማዕቀብ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ማን ጣለው? በምን ላይ ጣለው? በበረራ፣ በገንዘብ፣ በጦር መሣሪያ ወይስ በተወሰኑ ሰዎች ላይ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከመነሣት በፊት

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ልጁን ወይም ዘመዱን ለመጠየቅ እንዲህ ወዳለ አገር የሚሄድ ሰው ሲያማክረን የምንነግረው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ከቲኬቱ በፊት ገንዘቡ ይታሰብ። ለመኖሪያና ለሕክምና የሚበቃውን፣ ከዚያም ላይ ለችግር ቀን የሚሆነውን፣ ሕግ እስከፈቀደው ድረስ በእጅ መያዝ ይሻላል። የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ሲገዛ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ስለሚጠየቅ ጉዳዩ ለመጨረሻዋ ቀን አይቆይ። የባንኩ ደረሰኝ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ፤ አሮጌና የተቀደደ ኖት አይወሰድ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሊረዳ ከፈለገ ገንዘቡን መንገደኛው ሳይነሣ ወደ አዲስ አበባ ይላክ። ከመነሻው መጠቅለል መድረሻው ላይ ከመጠበቅ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ቲኬቱ የደርሶ መልስ ይሁን። ካርድ በማይሠራበት አገር የመመለሻ ቲኬት መግዛት ሌላ ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል። የመመለሻው ቀን መቀየር ይችል እንደሆነና በረራው ቢሰረዝ ገንዘቡ በምን መልክ እንደሚመለስ ሳይከፍሉ በፊት ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ የሚያበረው ማን እንደሆነ ይታወቅ። ቲኬቱ ላይ የአንዱ ስም ተጽፎ የሚያበረው ሌላው ሊሆን ይችላል። ማዕቀብ የአውሮፕላን መለዋወጫ ማግኘትን ያስቸግራል። ከዚህ ለየት ባለ ምክንያት ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ዓ.ም. የሱዳን አየር መንገዶችን ሁሉ በደኅንነት ቁጥጥር ጉድለት ወደ ክልሉ እንዳይበሩ አግዶ ነበር።

አራተኛ፣ ከደረሱ በኋላ ያለው ሕግ ይጠየቅ። ያኔ ሱዳን የገባ የውጭ አገር ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ ነበረበት። እኛ ይህንን አላወቅንም፤ አባትየውም ሳይመዘገቡ ቀርተው ሲመለሱ ቅጣት ከፈሉ።

አምስተኛ፣ የአውሮፓ ፓስፖርት ያለው ዘመድ እዚያ እንገናኝ ካለ አስቀድሞ ያስብበት። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት፣ ሱዳንን፣ ኢራንን፣ ኢራቅን ወይም ሶሪያን የጎበኘ አውሮፓዊ ያለ ቪዛ አሜሪካ መግባቱ ይቀርበትና ቪዛ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።

ስድስተኛ፣ መንገደኛ ቤቱን አዘጋጅቶ ይውጣ። ያለበትን ዕዳና በእጁ ያለውን አማና ጽፎ ለሚስቱ ወይም ለታላቅ ልጁ ይስጥ። የሚያርፍበትን ሰው ስልክና የቲኬቱን ግልባጭ እቤት ይተው። እኛ በዚያ ዘጠኝ ቀን የሆስፒታሉን ስልክ እንኳ በእጃችን አልያዝንም ነበር።

ዛሬስ?

የያኔው የአሜሪካ ማዕቀብ በ2010 ዓ.ም. ቢነሣም የሱዳን መከራ አላበቃም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በረመዳን መጨረሻ ቀናት፣ በካርቱም ጦርነት ተቀሰቀሰ። አየር ማረፊያው ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ሜዳዎች አንዱ ሆኖ አውሮፕላኖች ተቃጠሉ፣ በረራም ተቋረጠ። ተማሪዎቻችንን ጨምሮ ብዙ ሰው በመተማ በኩል በእግርና በመኪና ወደ አገራችን ገባ። በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ የሁለቱን ተፋላሚ ወገኖች መሪዎች በማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ አስገባች። ጦርነት ባለበት አገር በእቅድ ማነስ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ነፍስም ይጠፋል። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «እንዴት እንሂድ?» ሳይሆን «መሄድ ይገባልን?» የሚለው ነው። እዚያ ያለው ልጅ ወደ እኛ የሚመጣበት መንገድ ካለ ያ ይቅደም።

አባትየው ከካርቱም እንደተመለሱ ልንጠይቃቸው ሄድን። ቡና ተፈልቶ፣ የከፋ ማር ቀርቦ፣ ልጁም በመዳኑ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። እኛ ግን አንገታችንን ደፍተን አፉ እንዲሉን ለመንናቸው።

«አፉ ብያለሁ» አሉን። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ግን «ኡስታዝ፣ ያኔ አላውቅም ቢሉኝ ኖሮ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ እጠይቅ ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ከጆሯችን አልወጣም። ምክር አማና ነው። የምናውቀውን መናገር ግዴታችን እንደሆነ ሁሉ የማናውቀውን «አናውቅም» ማለትም ግዴታችን ነው። ወንድሞችና እህቶች! ጎረቤታችሁ የጉዞ ምክር ሲጠይቃችሁ፣ የምታውቁትን በልኩ ንገሩት፤ የማታውቁትን ከአየር መንገዱ ቢሮ፣ ከኤምባሲው፣ ከባንኩና በቅርብ ደርሶ ከተመለሰ ሰው አብራችሁት ጠይቁ። መንገደኛ በእኛ ቃል ተማምኖ ከቤቱ ይወጣልና። ወላሁ አዕለም።