ተጨማሪ መረጃ፦ በሩጫ የወጣው ካሎሪ በምግብ ይመለስ?

እ.ኤ.አ. በ2024 የቶሮንቶ ዋተርፍሮንት ማራቶንን በወንዶችም በሴቶችም ያሸነፉት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ሙሉጌታ ኡማ እና ዋጋነሽ መካሻ። ዋጋነሽ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ገብታ የውድድሩን ክብረ ወሰን ሰብራለች።

በዚህ ደረጃ ያለ ሯጭ ያቃጠለውን ልብላ አልብላ ብሎ አያመነታም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከባድ ልምምድ ላይ የነበሩ 10 ኢትዮጵያውያን ሯጮችን ለ7 ቀናት ተከታትሎ፣ በቀን የሚበሉት ወደ 3,200፣ የሚያወጡት ደግሞ ወደ 3,300 ካሎሪ መሆኑን አሳይቷል።

ለቅዳሜ ሯጭ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ 350 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ከዚህም ላይ ሶፋ ላይ ቢጋደም እንኳ ማቃጠሉ የማይቀረው 40 ያህሉ ይቀነሳል። ከሩጫው በኋላ በቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ካለ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ድካሙን ሁሉ ይመልሰዋል። ወጡ ውስጥ ስንት ማንኪያ እንደገባ ደግሞ ባለድስቷ ታውቃለች!

የተቃጠለውን ካሎሪ የሚቆጥረው የእጅ ሰዓትም ብዙ አይታመንም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 እጅ ላይ የሚታሰሩ ሰባት መሣሪያዎችን ሲፈትሹ፣ በካሎሪ ግምት የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ስቷል። ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ሰዓቱ ከሚነግረው ግማሹን ቢበላ ይሻለዋል።

ለማራቶን የሚዘጋጅ ግን ያቃጠለውን ካልመለሰ ይጎዳል፦ አጥንት ሊሰነጠቅ፣ የሴቶች የወር አበባም ሊዛባ ይችላል።