ስለቱን የሠራው ማነው?

ሐዋሳ አሞራ ገደል ማለዳ የሚወርድ ሰው የሚወርደው ለዓሣ ነው። ጀልባዎቹ ይገባሉ፣ መረቡ ይራገፋል፣ ቆሮሶው ከአምባዛው ይለያል። አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎችም እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ዙሪያውን ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። እኔ ግን የማየው ወጣቶቹ የያዙትን ቢላ ነበር። ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ቢላቸውን በቀላሉ ለሰው አያውሱም። አብዛኛው የሱቅ ዕቃ ነው፤ ከመሳል ብዛት ወገቡ ሳስቶ ቀጭን ልሳን ብቻ የቀረው። አንዱ ልጅ የያዘው ግን የተለየ ነበር። ጀርባው ወፍራም ነው፣ ጎኑ ላይ የመዶሻ ምት ይታያል፣ እጀታው የበሬ ቀንድ ነው። የጓደኞቹ ቢላ በየቀኑ ሞረድ ሲጠይቅ የእሱ ቀናትን ይሻገራል። ማን እንደሠራው ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። «ከገጠር ገበያ የተገዛ ነው። ማን እንደሠራው ማን ያውቃል?»

በእጅ የተሠራ ቢላ መሰብሰብ የጀመርኩት ከዚህ መልስ በኋላ ነው።

በአገራችን ቢላ እሰበስባለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጤናው ነው። ቴምብር ቢሰበስብ፣ የማሪያ ቴሬዛ ብር ቢያጠራቅም ማንም ምንም አይለውም። ጎራዴ ግድግዳው ላይ ቢሰቅልማ የአባት የአያት ቅርስ ጠባቂ ተብሎ ይመሰገናል። ጎራዴን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በየቤቱ ከተሰቀሉት ጎራዴዎች ጥቂት የማይባሉት ስለታቸው የመጣው ከጀርመኗ የቢላና የሰይፍ ከተማ ከዞሊንገን ወይም ከእንግሊዙ የዊልኪንሰን ፋብሪካ ነው። እዚህ የተሠራው እጀታውና ሰገባው ነው። ጠጋ ብለው ካዩት የፋብሪካው ስም ብረቱ ላይ ተቀርጾ ያገኙታል። የአገሬው ቀጥቃጭ ከስለት እስከ እጀታ በገዛ እጁ የሠራው የጓዳ ቢላ ላይ ግን ምንም ስም የለም።

ይህ ልዩነት ይበልጥ የታየኝ ስለ ሌላው ዓለም ሰብሳቢዎች ማንበብ ስጀምር ነው። በዚያ ዓለም ስማቸው ከሚነሳ ሰዎች ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው ቦብ ላቭለስ ነው። ላቭለስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የንግድ መርከበኛ ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ትልቅ ሱቅ ገብቶ የታዋቂውን ቢላ ሠሪ የራንዳልን ቢላ ሲጠይቅ ወራት መጠበቅ እንዳለበት ተነገረው። እሱም ተናዶ ከአሮጌ ዕቃ ማከማቻ የፓካርድ መኪና ስፕሪንግ አነሳ፣ መርከቡ ላይ ባለው የወጥ ቤት ምድጃ አጋለው፣ የራሱንም ቢላ ሠራ። ብዙም ሳይቆይ ያው ሱቅ የእሱን ቢላ መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካ ቢላ ሠሪዎች የራሳቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙ ላቭለስ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። በ2010 ሲሞት ስሙ የተቀረጸባቸው ቢላዎች በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጡ ነበር። ሰብሳቢው የሚገዛው ብረቱን ብቻ አይደለም፤ ስሙንም ጭምር ነው።

የመኪና ስፕሪንግ! በእኛ አገር ጋራዥ ሁሉ ባሌስትራ የሚባለው ማለት ነው። የአሞራ ገደሉ ልጅ ቢላም ከምን እንደተሠራ ለመገመት ከዚያ ወዲያ አልተቸገርኩም።

ከሐዋሳ በስተደቡብ ለኩን ወደመሰሉ ገበያዎች መውጣት ያዝኩ። በሲዳማ የቀድሞው አቆጣጠር ሳምንቱ አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። ገበያዎቹም በዚያ ይዞሩ ነበር። ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላ የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ከገበያው ዳር፣ ከሸክላ ሻጮቹ አጠገብ ነው። ይህ አቀማመጥ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የጠየቅኳቸው ነጋዴዎች እየተቀባበሉ በመጨረሻ አንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ዘንድ አደረሱኝ።

የሥራ ጎጆአቸው ጨለም ያለ ነው። ድህነት ብቻ አይደለም ምክንያቱ። የጋለ ብረት ሙቀት የሚለካው በቀለሙ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቀለሙ አይለይም። ልጃቸው ወናፉን ይነፋል፣ ከሰሉ ይግላል፣ እሳቸው በጉጠት የያዙትን የባሌስትራ ቁራጭ ያገላብጣሉ። ባሌስትራ የመኪናን ክብደት ተሸክሞ እየታጠፈ እንዲመለስ ተብሎ የተሠራ ብረት ነው፤ ከመቶ 0.6 እጅ ገደማ ካርቦን አለው። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ ከዚያ በጣም ስለሚያንስ ቢቀጠቀጥ የቢላ ቅርጽ ይይዛል እንጂ ስለት አይይዝም። ገበያ ላይ ርካሽ ቢላ ገዝቶ በሳምንቱ የሚያማርር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የገዛው ፌሮ ነው።

ቅርጹ ሲያልቅ ዋናው ሥራ ይመጣል። ብረቱ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስኪደርስ ይግልና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ይገባል። በዚያች ቅጽበት እጅግ ይጠነክራል፤ ግን ከእጅ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ዳግመኛ በዝግታ ይሞቃል፤ የተወለወለው ጠርዝ ወደ ቢጫ ሲያደላ ከእሳቱ ይወጣል። ይህ ከ200 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት ነው። ጥንካሬው በጥቂቱ ይቀንሳል፣ ተሰባሪነቱ ግን በእጅጉ ይቀንሳል። ላቭለስ ያደርግ የነበረውም ሆነ የዞሊንገን ፋብሪካዎች የሚያደርጉት በመሠረቱ ይህንኑ ነው። አዛውንቱ ግን ያለ ሙቀት መለኪያ፣ በዓይናቸው ብቻ ነው የሚያደርጉት።

ቢላውን ተቀብዬ ካየሁት በኋላ «አባባ፣ ስምዎን ለምን አይመቱበትም?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ልጄ፣ ቢላውን ይፈልጉታል። ስሙን ማን ይፈልገዋል?»

ምን ማለታቸው እንደነበር የገባኝ ሐዋሳ ተመልሼ ጎረቤት ቡና ላይ ወሬውን ሳነሳ ነው። አንዲት የማከብራቸው እናት ሲኒያቸውን አስቀምጠው «እቤታቸው ገብተህ በላህ እንዴ?» አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም። ቀጥለውም የተቀበሉትን ነገሩኝ፦ እነዚያ ዘራቸው ሌላ ነው፣ ከእኛ ጋር አይጋቡም፣ ድሮም ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው።

በሲዳማ ቀጥቃጮቹ ቱንቲቾ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ሃዲቾ፣ ቆዳ ፋቂዎቹ አዋቾ ይባላሉ። ለረጅም ዘመን ከሌላው ጋር መጋባት ተከልክለው፣ ከመሬትና ከሸንጎ ተገፍተው ኖረዋል። ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው፣ ብዙ ነገርም ተለውጧል፤ ጋብቻ ላይ ሲደረስ ግን አሮጌው ነገር ብቅ ይላል። ሰሜኑም ከዚህ አይሻልም። እዚያ ደግሞ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ተብሎ ሲፈራና ሲሸሽ ነው የኖረው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ያረሰበትን ማረሻ፣ ያጨደበትን ማጭድ፣ የተዋጋበትን ጦር ከቀጥቃጭ እጅ ተቀብሎ ቀጥቃጩን የሚንቅ አገር እንደኛ ያለ መኖሩን እንጃ።

«ዘራቸው ሌላ ነው» የሚለው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። የሚጣራ ነገር ነውና። ተጣርቶ ያገኘሁት ሲዳማ ውስጥ ሳይሆን ወደ ደቡብ ምዕራብ ራቅ ብሎ፣ ጂንካ አካባቢ ባሉት አሪዎች ዘንድ ነው።

አሪዎችም እንደ ሲዳማ ገበሬና ቀጥቃጭ ተለያይተው የኖሩ ናቸው። አንትሮፖሎጂስቶች ሁለት ግምት ነበራቸው። አንደኛው ቀጥቃጮቹ ገበሬዎች ከመምጣታቸው በፊት አገሩ ላይ የነበሩ የጥንት ሰዎች ቅሪት ናቸው የሚል ነው። ሁለተኛው ሁለቱም አንድ ሕዝብ ነበሩ፣ ቀጥቃጮቹ በሙያቸው ምክንያት ኋላ ተገፉ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ10 የኢትዮጵያና ከ2 ጎረቤት ሕዝቦች የተሰበሰበ የዘረመል ናሙና ጥናት ታተመ። በዚያ መረጃ የአሪ ቀጥቃጮችና ገበሬዎች ልዩነት በኢትዮጵያ ብሔረሰቦች መካከል ካለው ልዩነት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። በጊዜው የወጡ ሁለት ጥናቶችም ወደ አንደኛው ግምት አዘነበሉ። እኚያ እናት ይህን ቢያነቡ ኖሮ «አላልኩህም?» ባሉኝ ነበር።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሉሲ ቫን ዶርፕና ጋሬት ሄለንታል ከባልደረቦቻቸው ጋር እነዚያኑ ናሙናዎች እንደገና መረመሩ። ከባልደረቦቹ መካከል የአገራችን ሰዎች እንዳሻው በቀለና አየለ ታረቀኝ ይገኛሉ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር። ጥቂት ሰዎች ለብዙ ትውልድ እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጋቡ ቢገደዱ ዘረመላቸው እየተመሳሰለ ይሄዳል፤ ለኮምፒውተሩም የተለየ ሕዝብ መስለው ይታያሉ። ታዲያ ይህን የመነጠል ውጤት ቀንሰን ብናየውስ? አሪዎቹን ከአሪዎች ጋር ሳይሆን ከሌሎች ሕዝቦች ጋር ብቻ እያነጻጸሩ አዩአቸው። ልዩነቱ ጠፋ። ቀጥቃጩና ገበሬው ከሌላው ዓለም ጋር ያላቸው ዝምድና አንድ ዓይነት ሆነ። በመደምደሚያቸውም ሁለቱ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው።

እንግዲህ «ዘራቸው ሌላ ስለሆነ አንጋባቸውም» የተባለው ተገልብጦ ነው የተገኘው። የተለዩት ስላልተጋባናቸው ነው። የአሪ ውጤት የሲዳማ ውጤት ነው ማለቴ አይደለም፤ ቱንቲቾ ላይ እንዲህ ያለ ጥናት ሳይደረግ ያንን መናገር አይቻልም። ሆኖም ማስረጃ የማምጣት ዕዳው ከዚህ በኋላ የናቂው እንጂ የተናቂው አይደለም።

ከዚህ በኋላ ስብስቤ መልኩን ቀየረ። ብረት ብቻ መፈለጉን ትቼ ስለት የሚያወጣ እጅ ሁሉ ይስበኝ ጀመር። ከሲዳማ ብዙም በማይርቀው በሃድያ የቆዳ ሠራተኞች በባልጩት መፋቂያ ቆዳ ሲፍቁ ያጠናው ዮናታን ሳህሌ ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትሞታል። ባልጩት በወጉ ሲፈለጥ ጠርዙ በስለት ከቀዶ ጥገና ምላጭ ይበልጣል። ይኸው ተመራማሪ በሚቀጥለው ዓመት ከዝዋይ በስተምዕራብ ከገደሞታ ስለተገኙ የባልጩት ጫፎች ጻፈ። ስብራታቸው ሲመረመር በውርወራ የደረሰ መሆኑን አሳየ፤ ዕድሜያቸውም ከ279,000 ዓመት በላይ ነው። ኮንሶ ላይ ዮናስ በየነ፣ ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቻቸው ያጠኗቸው የድንጋይ መጥረቢያዎች ደግሞ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳሉ። ሐዋሳ የምትገኘው በዚህ የስምጥ ሸለቆ መስመር መካከል ነው።

ለጀማሪ ሰብሳቢ እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እነዚህ ድንጋዮች አይሰበሰቡም። ቅርስ ናቸው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቁ ናቸው። ሜዳ ላይ ወድቆ ቢያገኙት እንኳ ባለበት ይተዉት፣ ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ይንገሩ። ሳይመዘገብ ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ታሪኩ እዚያው ቀርቷል። በነገራችን ላይ ቢላም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚሆነው፤ ለዚህም ነው እያንዳንዱን ስገዛ መዝገብ የምይዘው። ብረቱ ከምን እንደመጣ፣ እጀታው ወይራ ይሁን ቀንድ፣ በየትኛው ገበያ እንደተገዛ፣ ከሁሉ በላይ የሠራው ሰው ስምና የመንደሩ ስም ይጻፋል።

አዛውንቱ በመጨረሻ ምልክት ለመምታት ተስማምተዋል። ፊደል አይደለም፤ በእጀታው ሥር ሁለት ትንንሽ ነጥቦች ናቸው። አሁን ከገበያው ገዢዎች አንዳንዶቹ «ባለ ሁለት ነጥቡን» እያሉ መጠየቅ ጀምረዋል ብለውኛል። ዋጋም ትንሽ ጨምረዋል፤ ደግ አደረጉ።

እናንተም ከገበያ ቢላ፣ ማጭድ ወይም መጥረቢያ ስትገዙ የሠራውን ሰው ስም ጠይቁ፣ ጻፉትም። ሻጩ ራሱ ሠሪው ከሆነ በዋጋ አትከራከሩት። የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን የምታዘጋጁም ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ስትጋብዙ ቀጥቃጩን አትርሱት፤ ጠረጴዛው ላይም ከዕቃው አጠገብ ስሙን አስቀምጡለት።